ለቅዳሜው ጨዋታ የሚያስፈልጉ ነገሮች

ዳቬይተን፣ ጆሐንስበርግ
ረቡዕ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

አጵሎስ ልጄ፣ የእናትህ ብርታት፣

ደህና ነህ ወይ? ሱቁ፣ ጤናህ፣ ያ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚያንጠባጥበው ጣራህ እንዴት ነው? እኛ ተመስገን ነው። እኔ እንዲያውም ከተመስገንም አልፌያለሁ፤ ከደስታዬ ብዛት እጄ ሥራ አልይዝ ብሏል። በዚህ አገር አሥራ ስድስት ዓመት ስኖር ለምንም ነገር ኃላፊ ተብዬ አላውቅም። ዘንድሮ ግን የቅዳሜው ጨዋታ የምግብና የዕቃ ኃላፊ እኔ እናትህ ነኝ። በቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ አጨብጭቦ ነው የመረጠኝ።

በወረቀት የመጣሁብህ ስልኬ እጄ ላይ ስለሌለ ነው። ሰኞ ጠዋት እህትህ ፍሬገነት «ማሚ፣ ስክሪንሽ ተሰንጥቋል፣ ሜይፌር ወስጄ ላሠራልሽ» ብላ ወሰደችው። ስንጥቁ ከፋሲካ ጀምሮ የነበረ ነው፤ ሰኞ ዕለት እንዴት እንደታያት እንጃ። ይኸው ሦስተኛ ቀኑ፣ ሠሪው ዕቃ እስኪመጣለት ነው ትለኛለች። ስለዚህ ደውለህ አጥተኸኝ ከሆነ አኩርፌህ አይደለም። እሑድ እኔም ሞክሬህ ነበር፣ አላነሳህም። መብራት ጠፍቶበት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ ማታ ዘለቀ ይወስደዋል። እንደ ልማዱ ሸቀጥ ኋላው ክፍት በሆነው መኪናው፣ በባኪው ጭኖ ወደ እናንተ ወደ ምሥራቅ ኬፕ ይወርዳል፣ ዓርብ ይመለሳል። አብረኸው ና። ቅዳሜ ማታ ስናወራ «ማሚ፣ ለጨዋታው እመጣለሁ፣ የዶሮውን እግር ለእኔ አስቀምጪ» ብለሃል፤ ቃል ቃል ነው። ስትመጣ ያንን ሰማያዊ ኩለር ቦክስ እንዳትረሳ። በረዶ እንደ እሱ የሚይዝ ሌላ የለም።

አሁን ወደ ወሬዬ ልግባ። አምና በዚህ ጨዋታ እንዴት እንደተዋረድን አትረሳውም። ቤኖኒ ሜዳው አጠገብ መኪና ማቆሚያው ላይ የተጋጣሚዎቻችን ቤተሰቦች ባኪዎቻቸውን ደርድረው፣ የኋላ መዝጊያውን እንደ ጠረጴዛ አውርደው፣ ከሰሉ ሲንቦገቦግ፣ ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ ሲታደል፣ ሙዚቃው ሲያስጨፍር። እኛስ? የሱቅ ዳቦ በፌስታልና የሞቀ ፋንታ። አንዲት ሴትዮ አዝናልኝ አንድ ሳህን ፓፕ ከነወጡ ሰጠችኝ። ደግነቷ ደስ ይላል፤ ያቺ ሳህን ግን እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች። አንተ ሁለት ጎል አግብተህ፣ ላብህን በእኔ ነጠላ እየጠረግህ «ማሚ፣ በሚቀጥለው ዓመት እኛም የባኪውን ኋላ እናወርዳለን» አልከኝ። ይኸው ዓመቱ ደረሰ።

ዕቅዴ እንዲህ ነበር። ሰው አርባ። ዶሮ ሃያ ኪሎ፣ በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ ተለውሶ የሚያድር። ቮርስ የሚሉት ያ ረጅም ቋሊማ ስምንት ኪሎ፣ ለእንግዶች። ድፎ ዳቦ ስድስት። ሰላጣ በባልዲ፣ ማዮኔዙ በሙቀት እንዳይበላሽ ለብቻው ተይዞ። ከሰል አራት ከረጢት፣ በረዶ አሥር፣ የወረቀት ሳህን፣ ለቆሻሻ ጥቁር ፌስታል። የአምናዋን ሴትዮ ካገኘኋት ደግሞ ሳህኗን ሞልቼ የምመልስበት ለብቻ የተቀመጠ ዶሮ። ለአንተ አተካና እሠራልሃለሁ። ቡላውም ቅቤውም ከሆሳዕና የመጣ ነው። ከማንም አትካፈልም፤ ድሮም አትካፈልም።

ይህን ሁሉ ትናንት አቶ አቢሶ መጥቶ አፈረሰው። የእድራችን ሊቀ መንበር መሆኑን ታውቃለህ፤ የእድሩን ድስት ለሠርግ ለማዋስ እንኳ ሦስት ሰው የሚያስፈርም ሰው። ሱቄ ውስጥ ገባና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ኤርጎጌ፣ አርባ ሰው አይበቃም።»

«ስንት ልበል ታዲያ?»

«ሦስት መቶ በይ።»

«ለአሥራ አንድ ተጫዋች ሦስት መቶ ሰው? ኳሱን ልንበላው ነው?»

ይስቃል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም። «ከፕሪቶሪያም ከረስተንበርግም የሚመጣ አለ» አለኝ። «ድንኳን እንተክላለን። መቶ ሃምሳ ወንበር፣ ሰባቱንም ትልልቅ ድስት አውጥቻለሁ።»

«ማን ፈረመ?»

«ማንም አልፈረመም። ከሰሉን ተዪው። ጥብሱ ይቅር፤ ሴቶቹ የድስት ወጥ ይሠራሉ። ስፒከሩም ይቅር።»

«ያለ ከሰልና ያለ ሙዚቃ ምን ዓይነት የኳስ ግብዣ ነው፣ አቶ አቢሶ?»

ባርኔጣውን መልሶ አደረገ። «ዛሬ ምሳ በልተሻል?» አለኝ።

እኔ እንግዲህ ምን ልበል፣ ሦስት መቶ ሰው ልናስተናግድ ከሆነ ኃላፊነቴ አደገ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ደግሞ እንዴት እንደተንከባከበኝ ብታይ ትገረማለህ። ዕፀገነት፣ ከፊት ለፊታችን ያለችው ጓደኛዬ፣ የራሷን ሱቅ ለባሏ ትታ ከሰኞ ጀምሮ ብርድ ልብሷን ይዛ እኔ ጋ ነው የምታድረው፤ «ሽንኩርቱን ላግዝሽ» ብላ። እንደ አራስ ያበሉኛል። ማንኪያ ካስቀመጥኩ «ጨምሪ» ይሉኛል። ፍሬገነት ሳህን ታጥባለች። አዎ፣ እህትህ ፍሬገነት። ዓይኗ ግን ቀልቷል፣ ሽንኩርት ነው ትለኛለች፤ እስካሁን አንድ ራስ ሽንኩርት ስትከትፍ አላየኋትም። ዩኒቨርሲቲ ፈተና ከብዷት ይሆናል። ስትመጣ አንተ አነጋግራት፣ ለአንተ ትናገራለች።

ዘለቀ ሊመጣ ነው፣ እዚህ ላይ ላቁም።


ሐሙስ

ይገርምሃል፣ ዘለቀ ደብዳቤውን ሳይወስድ ሄደ። ማታ በሩ ላይ ተቀምጬ ስጠብቀው ባኪው በፊቴ አለፈ። እጄን አውለበለብኩ። ቀጥ ብሎ ወደ ፊት እያየ ነዳ። ከጎኑ አቶ አቢሶና ፓስተር እዮኤል ተጨናንቀው ተቀምጠዋል። ሸቀጥ አልጫነም፣ ኋላው ባዶ ነው። «ወዴት ነው እነዚህ?» ብላት ዕፀገነት «ድንኳን ሊገዙ» አለችኝ። እንዴ፣ እድሩ ድንኳን አለው አይደል እንዴ። አዲስ ቢያስፈልግስ እዚሁ ጆሐንስበርግ ከጄፒ ጎዳና ጠፍቶ ነው የአሥር ሰዓት መንገድ የሚነዱት? ሁለት ሽማግሌ ካንተ ዘንድ ከደረሱ ቡና እንኳ ሳታጠጣቸው እንዳትሸኛቸው። እነሱም በደህና ይዘውህ ይመጣሉ ብዬ ልቤን አሳረፍኩት።

ደብዳቤውን ግን ልቀጥለው። ከአንተ ጋር ማውራት ለምጃለሁ፣ ስልኩ ከሄደ ወዲህ አፌ ሥራ ፈትቷል።

ጠዋት ጎጎ መጣች፣ ከጥግ ባለው ቤት ያለችው ባለ ዱላዋ አሮጊት። «ሳውቦና ማማ» ብላ ሰላም አለችኝና ዳቧን አነሳች። የልጅ ልጇ ለተጋጣሚዎቻችን በረኛ ነው። «ቅዳሜ እንገናኛለን፣ የኛን ምግብ ትቀምሺያለሽ» ብላት ግራ ተጋባች። «ጨዋታው እኮ ወደሚቀጥለው ወር ተዛውሯል፣ ልጁ ሰኞ ዕለት ነው የነገረኝ፣ እናንተ ናችሁ አሉ የጠየቃችሁት» አለችኝ። ሌላ ጨዋታ ይሆናል አልኳት። እርጅና ነው፣ ቀን ተምታታባት። ለዳቧ ሁለት እንቁላል መረቅኩላት።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማን መጣ መሰለህ? ማራኪ። ሦስት ዓመት ሙሉ ደጄን ረግጣ የማታውቅ ማራኪ። የተጣላንበትን አንተም ታውቃለህ፤ እናቷ አገር ቤት ሆሳዕና ያረፉ ጊዜ መርዶውን እንዳረዳ እድሩ ለእኔ ነበር የሰጠኝ። እንደ ወጉ ነው ያደረግኩት። መርዶ እንደ ወሬ በስልክ ዱብ አይደረግም፤ ሰው በልቶ፣ አድሮ፣ ወገን ተሰብስቦለት፣ ንጋት ላይ ነው የሚነገረው። እስከዚያ ደግሞ ከፌስቡክ እንዳታየው ስልኳን «ቻርጅ ላድርግልሽ» ብዬ ቦርሳዬ ከተትኩ፤ «ለፍሬገነት የሁለተኛ ደረጃ ምርቃት ኬክ እንምረጥ» ብዬ ቤኖኒ ይዣት ዋልኩ። አምስት ዓይነት ኬክ ቀመስን። ያን ቀን እንደሳቀችው ስትስቅ አይቻት አላውቅም። በማግሥቱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሯን አንኳኳን። ከአርባው በኋላ መጥታ «እናቴ አፈር ስትለብስ እኔ አፌ ውስጥ ክሬም ነበር፣ ኤርጎጌ። ያንን ቀን ሰረቅሽኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም።

ዛሬ ግን ገብታ የኮካ ሳጥን ገልብጣ ተቀመጠችና እጄን ያዘች። እጇ ይቀዘቅዛል።

«ለቅዳሜው ልትረጂኝ ነው?» አልኳት።

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን እግር ጣለሽ?»

«ኤርጎጌ፣ እኔ አንቺን ኬክ አላስመርጥሽም። ሱቄ የት እንዳለ ታውቂያለሽ፣ እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ክፍት ነው። መጥተሽ ከጠየቅሽኝ እመልስልሻለሁ። ካልጠየቅሽኝ ዝም እላለሁ።»

«ምኑን ነው የምጠይቅሽ?»

ይሄኔ ዕፀገነት ከጓዳ ወጣች። «ማራኪ፣ እስኪ አንዴ ነይ ወዲህ» ብላ ክንዷን ይዛ አወጣቻት። ውጭ ቆመው ሲነጋገሩ በመስኮቱ ብረት በኩል አየኋቸው። ዕፀገነት ትለምናለች፣ ማራኪ ራሷን ትነቀንቃለች።

ይቺ ሴትዮ የኬክ ቂሟን አሁንም አልረሳችም አልኩና ሳቅኩ። ብቻዬን ስቄ ድምፄ ራሱ ሌላ ሰው መሰለኝ። ከዚያ የነገውን ዝርዝር እንደገና ጻፍኩት። ሶፍት ልጽፍ ስል ፍሬገነት «ማሚ፣ ሶፍት ተገዝቷል፣ አምስት ካርቶን» አለችኝ። ለዶሮ እጅ መጥረጊያ አምስት ካርቶን። ዶሮ ደግሞ ቀርቷል ተብሏል።

ነገ ከዘለቀ ጋር ስትገባ ሁሉንም አንተ ታስረዳኛለህ።


ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ልጄ፣

ዘለቀ መጣ። ብቻውን ነው የመጣው። ሰማያዊውን ኩለር ቦክስ በሁለት እጁ አቅፎ ከሱቁ በር ላይ ቆመ፣ ግባ እንድለው የሚጠብቅ ይመስል።

«አጵሎስስ?» አልኩት።

«ከኋላ እየመጣ ነው፣ ማዘር። ከእነ አቶ አቢሶ ጋር።»

«ሦስቱም በምን መጡ ታዲያ? ባኪው ያንተ ነው።»

«ሌላ መኪና ተከራይተው ነው።» አላየኝም። ጫማውን ነው የሚያየው። «ዕቃውን አስቀድም ብለውኝ ነው» አለና አስቀመጠው፤ ሻይ ሳይጠጣ ሄደ። ዘለቀ ሻይ ሳይጠጣ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።

ክዳኑን ከፈትኩት። ታጥቧል። ጥግ ጥጉ ሳይቀር በበረኪና ተፈግፍጎ፣ በጨርቅ ተወልውሎ፣ ስሜን የጻፍክበት ፕላስተር እንኳ ጠርዙ እስኪላቀቅ ድረስ ታጥቧል።

አጵሎስ፣ ከወለድኩህ ቀን ጀምሮ አውቅሃለሁ። አይደለም ኩለር ቦክስ፣ ሻይ የጠጣህበትን ብርጭቆ እንኳ ለቅልቀህ አታውቅም። ባለፈው ዓመት ይህንኑ ሣጥን ስትመልስልኝ የዓሣ ሽታው ሦስት ቀን ከቤት አልወጣም፤ ሰድቤሃለሁ። ይህን ያጠበው ሌላ ሰው ነው። ዕቃህን አንድ በአንድ አንስቶ፣ ለእናቱ በቆሻሻው አይሰጥም ብሎ አዝኖ ያጠበ ሰው።

ሣጥኑን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። ዕፀገነት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ስንዴና ሽምብራ ትለቅማለች። ሁለት ትልልቅ ገንዳ ውስጥ የተለቀመው ውሃ ተሞልቶበታል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ለልጆቹ ቆሎ ብዬ ነው።»

«ጎበዝ» አልኳት። ቆሎ የሚቆላ ሰው እህሉን ከዋዜማው በውሃ አይዘፈዝፍም፤ ያ ለንፍሮ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች። እጇ ውሃው ውስጥ ቀረ፣ ቀና ብላ አላየችኝም። «ነገ በጠዋት ነው የምንወስድሽ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እናንኳኳለን» አለች።

«ጨዋታው ከቀኑ ስምንት ሰዓት አይደል?»

«የመኪና ማቆሚያ ቦታ ለመያዝ ነው።»

«እሺ» አልኳት።

ጫማዬን አደረግኩ። የማራኪ ሱቅ ሁለት መንገድ ማዶ ነው፣ ጃካራንዳው ሥር። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ክፍት ነው ብላኛለች፤ ማራኪ አትዋሽም። ሄጄ አንድ ቃል ብጠይቃት ትመልስልኛለች። በሩ ድረስ ሄድኩ። ሰማዩ ከቤኖኒ በኩል ጠቁሯል፣ በረዶ ሊጥል ነው መሰለኝ። ፍሬገነት ከኋላዬ «ማሚ፣ ወዴት ነው?» አለች፤ ድምፅዋ እንደ አምስት ዓመት ልጅ ቀጠነ።

ዞሬ አየኋት። ሰኞ ጠዋት ስልኩን ከእጄ የወሰደች ልጅ ናት። አምስት ቀን ሙሉ ብቻዋን ተሸክማ፣ ሳህን እያጠበች፣ እየሳቀችልኝ። ዋሽታኝ የማታውቅ ልጅ። አሁንም ውሸቱ አልሆነላትም፣ እንዲሁ ስትለፋ ከረመች እንጂ። አላሳፍራትም አልኩ።

«የትም አልሄድም። ዝናቡን ልይ ብዬ ነው» አልኳትና ጫማዬን አወለቅኩ።

ማራኪ ያንን ቀን ሰረቅሽኝ ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። እኔ ግን ይህችን ከሰዓት ማንም እንዳይወስድብኝ እፈልጋለሁ። ማንንም እስካልጠየቅኩ ድረስ አንተ መንገድ ላይ ነህ። ከኋላ እየመጣህ ነው ብለውኛል። አቶ አቢሶም ደክሟል፣ ፓስተሩም ደክሟል፣ ዕፀገነት ወገቧ ተቆርጧል። ሁሉን እንደ ወጉ አድርገውታል፤ እኔ ራሴ ብሆን ከዚህ የተሻለ አላደርገውም። እንግዲህ እስከ ንጋት ያድርሱት።

ስለዚህ ሥራዬን ቀጠልኩ። ኃላፊ ነኝ። ዶሮ ቀርቷል ቢሉም ሁለት ኪሎ አወጣሁና ለወስኩ፣ ሎሚውን በዛ አድርጌ። ቡላውን በቅቤው አሸሁ፣ ወተቱን ጨመርኩ፣ ክብ ክብ እያልኩ እስኪወፍር አማሰልኩት። ዕፀገነትና ፍሬገነት ጓዳው በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ነበር፣ ማናቸውም «ለማን ነው?» አላሉኝም። ዕፀገነት ያንን «ላጥብልሽ» ብላ ሰኞ የወሰደችውን ነጠላ አምጥታ ወንበሩ ላይ አኖረችው። ተኩሳዋለች። አምና ላብህን የጠረግክበት ነው፤ ባታጥበው ኖሮ።

በረዶ ከታች አነጠፍኩ። ከላዩ አተካናውን በሰማያዊ ክዳኑ ሳህን፣ ከጎኑ ዶሮውን። የተላቀቀውን ፕላስተር መልሼ ለጠፍኩት፣ ከስሜ ሥር ስምህን ጻፍኩበት። ይህን ደብዳቤ ለዘለቀ አልሰጠውም፤ በፌስታል ጠቅልዬ እዚያው እከተዋለሁ። ነገ በባኪው ኋላ ሌላው ዕቃ ሁሉ ከተጫነ በኋላ እሱ መጨረሻ ይጫናል፣ ማንም እንዳይከፍተው እኔ እቀመጥበታለሁ።

መውጣትህንም መግባትህንም ለሚያውቀው ጌታ ሰጥቼሃለሁ። መንገድህን ያቅናልህ፣ ብርድ አያግኝህ፣ በማታውቀው ደጅ ብቻህን አያቁምህ። ከደረስክበት ቦታ የሚቀበልህ ቀድሞህ የሄደው አባትህ ይሁን፤ ያለ እናትህ ከሄድክ እሱ ያውቅሃል። ያሳደግኩህ እጄ ሳይዝህ ምንም አይንካህ።

የዶሮውን እግር አስቀምጬልሃለሁ።

እናትህ
ኤርጎጌ